ቁጣ ጥበብን አይወልድም፦ የሄርዞግና የኪንስኪ ጥምረት እንደገና ሲታይ

ጀርመናዊው የፊልም ዳይሬክተር ቬርነር ሄርዞግና ተዋናዩ ክላውስ ኪንስኪ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 ባለው ጊዜ አምስት ፊልሞችን በጋራ ሠርተዋል። እነርሱም «አጊሬ፣ የእግዚአብሔር ቁጣ» (1972)፣ «ኖስፈራቱ» እና «ቮይሴክ» (ሁለቱም 1979)፣ «ፊትስካራልዶ» (1982) እንዲሁም «ኮብራ ቬርዴ» (1987) ናቸው። ፊልሞቹ በዓለም ሲኒማ ታሪክ ጉልህ ስፍራ ይዘዋል። ይሁን እንጂ ሁለቱ ሰዎች በቀረጻ ቦታ የተለዋወጡት ስድብና የግድያ ዛቻ ከፊልሞቹ እኩል፣ አንዳንዴም ከፊልሞቹ በላይ ይወሳል። ከዚህ ወግ አንድ ድምዳሜ ተወልዷል፤ ታላቅ የጥበብ ሥራ ያለ ዐውሎ ነፋስ አይገኝም፣ የሊቅ ሰው ጭካኔም ለጥበቡ የሚከፈል ዋጋ ነው የሚል። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ይህንኑ ድምዳሜ ነው። የሁለቱ ሰዎች የሥራ ታሪክ ሲመረመር የሚያመለክተው፣ ፊልሞቹ የተሳኩት ቁጣው በመኖሩ ሳይሆን ቁጣው በተገራበት መጠን መሆኑን ነው።

ምስክሩ ማን ነው?

ስለዚህ ጥምረት የሚነገረው አብዛኛው ታሪክ የሚመነጨው ከአንድ ሰው አንደበት ነው። ኪንስኪ በ1991 ዐረፈ፤ ሄርዞግ ከስምንት ዓመት በኋላ «እጅግ የምወደው ጠላቴ» የተሰኘውን ዘጋቢ ፊልም አወጣ። በዚህ ፊልም ተራኪውም፣ ዳኛውም፣ ከጠቡ በሕይወት የተረፈውም ወገን ራሱ ሄርዞግ ነው። እዚህ ላይ ተመራማሪ ሊዘነጋው የማይገባ አንድ ግጥጥሞሽ አለ። ሄርዞግ በዚያው በ1999 በአሜሪካ በሚኒያፖሊስ ከተማ ባሰማው መግለጫ፣ ዘጋቢ ፊልም በደረቅ እውነታ ብቻ ሊታጠር እንደማይገባውና ጥልቁ እውነት በምናብና በማስዋብ እንደሚደረስበት አውጇል። ይህን እምነት በይፋ የገለጸ የፊልም ሰው ስለ ሟች ባልደረባው የሚያቀርበው ትረካ እንደ ችሎት ምስክርነት ሊወሰድ አይችልም።

የኪንስኪም ቃል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይሆንም። መጀመሪያ በ1975 የታተመውና በኋላ ተሻሽሎ የወጣው ግለ ታሪኩ በሄርዞግ ላይ የስድብ ናዳ ያወርዳል፤ ሄርዞግ ግን ከእነዚያ ስድቦች አንዳንዶቹን አብረው እንደፈለጓቸው በፊልሙ ይናገራል። የታሪኮቹ አስተዳደግም ትኩረት ይሻል። ሄርዞግ እንደሚለው፣ የ«አጊሬ» ቀረጻ ሳያልቅ ኪንስኪ ጥሎ ሊሄድ ሲነሣ በጠመንጃ ገድሎት ራሱንም እንደሚያጠፋ ዝቶበታል። ይህ ዛቻ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ሄርዞግ ከካሜራው ጀርባ ሽጉጥ ደግኖ ፊልሙን እንደመራ ተደርጎ ተወራ፤ ሄርዞግ ራሱ ይህን አስተባብሏል። ወሬው ግን እስከ ዛሬ አልሞተም።

ይህ ማለት ጠቡ አልነበረም ማለት አይደለም። ኪንስኪ በ«ፊትስካራልዶ» ቀረጻ ወቅት በሥራ አስኪያጁ በዋልተር ሳክሰር ላይ ሲጮህ የሚያሳየው ምስል ማንም ሊክደው የማይችል ማስረጃ ነው። በ«አጊሬ» ቀረጻ በሰይፍ የተመታ አጃቢ ተዋናይም የራሱን ጠባሳ በ1999ኙ ፊልም ለካሜራ አሳይቷል። የጠቡ መኖር አያጠራጥርም። አጠራጣሪው ለጠቡ የተሰጠው ትርጉም ነው።

በፊልሙ ላይ የቀረው ምንድን ነው?

ቁጣው የጥበቡ ምንጭ ከሆነ፣ በፊልሞቹ ላይ መታየት ያለበት ቁጣው ራሱ ነበር። «አጊሬ» ግን ይህን አያሳይም። ሄርዞግ ደጋግሞ እንዳስረዳው፣ ኪንስኪ አጊሬን የሚጮህና የሚያጓራ እብድ አድርጎ ሊጫወተው ፈልጎ ነበር፤ ዳይሬክተሩ የፈለገው ግን ዝምተኛና በዝምታው የሚያስፈራ ሰው ነበር። ስለዚህ ኪንስኪ ጮሆ ጮሆ እስኪደክመው ድረስ ጠብቆ ካሜራውን የሚያስነሣበት ጊዜ ነበር። ተመልካች በመጨረሻው ትዕይንት የሚያየው፣ ዝንጀሮዎች በወረሩት ታንኳ ላይ ብቻውን የቀረው ሰው ድምፁን ከፍ አያደርግም። የሚያስፈራውም ስለዚህ ነው። ካሜራው ያስቀረው ቁጣውን ሳይሆን ቁጣው ሲበርድ የቀረውን ነው።

«ቮይሴክ» ይህንኑ ያጠናክራል። ቀረጻው የ«ኖስፈራቱ» ሥራ ባለቀ በቀናት ውስጥ ተጀምሮ በ18 ቀን ተጠናቀቀ። ኪንስኪ ወደ ሥራው የገባው ተዳክሞ ነበር፤ ድካሙም የተረገጠውንና የተዋረደውን ወታደር ለመጫወት ጠቀመው። በ«ኖስፈራቱ» ደግሞ በየዕለቱ ለሰዓታት ለሚፈጀው የፊት ቅብ ሥራ ተቀምጦ በትዕግሥት ይጠብቅ ነበር። ከሁለቱ ፊልሞች የሚገኘው የተዋናዩ መልክ ሥራውን የሚያውቅና ራሱን መግዛት የሚችል ባለሙያ ነው።

አንዱ ያለ ሌላው

ማናቸውም የምክንያትና የውጤት ሙግት ንጽጽር ይፈልጋል። እዚህ ጉዳይ ላይ ንጽጽሩ በራሱ በታሪኩ ውስጥ ይገኛል። ሄርዞግ ከኪንስኪ ጋር ሳይሆን ከብሩኖ ኤስ. ጋር «የካስፓር ሃውዘር እንቆቅልሽ» (1974) እና «ስትሮሼክ» (1977) የተሰኙትን ፊልሞች ሠርቷል። ብሩኖ የሠለጠነ ተዋናይ አልነበረም፤ ልጅነቱንና ወጣትነቱን በአብዛኛው በማቆያ ተቋማት ያሳለፈ የጎዳና ሙዚቀኛ ነበር። እነዚህ ፊልሞች ከአምስቱ የሚያንሱ አይደሉም፤ በቀረጻቸውም ስለ ጠመንጃና ስለ ሰይፍ የሚወራ ነገር የለም።

በአንጻሩ ኪንስኪ በሕይወት ዘመኑ ከመቶ በሚበልጡ ፊልሞች ተጫውቷል፤ አብዛኞቹንም ለገንዘብ ሲል መቀበሉን አልደበቀም። ቁጣው በእነዚያ ፊልሞችም አልተለየውም። ሆኖም ከብዙዎቹ የሚታወስ ሥራ አልወጣም። ይበልጥ የሚያስተምረው የ«ፓጋኒኒ» (1989) ጉዳይ ነው። ኪንስኪ ይህን ፊልም ሄርዞግ እንዲመራለት ጠይቆ እምቢታ ሲገጥመው ራሱ ጻፈው፣ ራሱ መራው፣ ራሱም ተጫወተው። የሚቃወመውና ልጓም የሚያበጅለት ሰው አልነበረም። ቁጣ ብቻውን የጥበብ ምንጭ ቢሆን ኖሮ ይህ ፊልም የሥራዎቹ ሁሉ ቁንጮ በሆነ ነበር፤ የጠበቀው አቀባበል ግን እጅግ ቀዝቃዛ ነበር።

የ«ፊትስካራልዶ» አጀማመርም ኪንስኪ ከመጀመሪያው አይተኬ ነበር የሚለውን እምነት ያላላዋል። ዋናውን ገጸ ባሕርይ መጫወት የጀመረው አሜሪካዊው ጄሰን ሮባርድስ ነበር፤ ከፊልሙ ከፍተኛ ክፍል ተቀርጾ ሳለ በሕመም ምክንያት ለቀቀ። ኪንስኪ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በመጨረሻው ፊልም በ«ኮብራ ቬርዴ» ደግሞ «አጊሬ»ንና «ፊትስካራልዶ»ን የቀረጸው የካሜራ ባለሙያ ቶማስ ማውክ የኪንስኪን ስድብ መታገሥ አቅቶት ሥራውን ጥሎ ሄደ። ቁጣው ከቁጥጥር በወጣበት በዚህ ፊልም ጥምረቱ አበቃ።

ዕዳውን የከፈለው ማን ነው?

«ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» እንዲሉ፣ የዚህ ታሪክ ትልቁ ግድፈት ታሪኩ የሁለት ሰዎች ብቻ ሆኖ መተረኩ ነው። ሄርዞግ በተረከው መሠረት፣ በ«አጊሬ» ቀረጻ ኪንስኪ ሌሊት ሰዎች ወደተሰበሰቡበት ጎጆ ተኩሶ የአንድ አጃቢ ተዋናይ ጣት ጫፍ ቆርጧል። የተጎጂው ስም በታሪኩ ውስጥ ቦታ የለውም። በ«ፊትስካራልዶ» ቀረጻ የፔሩ ነባር ሕዝቦች አለቆች ኪንስኪን እንግደልልህ ብለው ለሄርዞግ እንዳቀረቡለት፣ እርሱም ፊልሙን ለመጨረስ ስለሚያስፈልገው እምቢ ማለቱ በሣቅ ይተረካል። ታሪኩ እውነት ከሆነ፣ በዚያ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ሁኔታውን ሊሸከሙት አለመቻላቸውን ይመሰክራል። ተጋንኖ የተነገረ ከሆነ ደግሞ፣ ሰዎቹ ለሌሎች ገድል ማድመቂያ ሆነዋል ማለት ነው። በሁለቱም መንገድ የሚያስቅ ነገር የለውም።

የዳይሬክተሩም እጅ ከዚህ ንጹሕ አይደለም። ታሪካዊው ካርሎስ ፊትስካራልድ ትንሽ መርከቡን በክፍል በክፍል ፈታትቶ ሲያሻግር፣ ሄርዞግ ከ300 ቶን በላይ የሚመዝን መርከብ ሳይፈታ ኮረብታ ላይ እንዲጎተት ወሰነ። ብራዚላዊው መሐንዲስ የሰው ሕይወት ሊጠፋ እንደሚችል አስጠንቅቆ ሥራውን ለቀቀ። ከዚያ በፊት በ1979 የአግዋሩና ሕዝብ በመሬቱ ላይ ቀረጻ መካሄዱን ተቃውሞ የፊልሙ ሰፈር ተቃጥሎ ነበር፤ ሌስ ብላንክ «የሕልም ሸክም» (1982) በተሰኘው ዘጋቢ ፊልሙ ይህን ውጥረት መዝግቧል። ሄርዞግ ራሱ እንደሚያወሳው፣ የአካባቢው ሰዎች የፈሩት ጩኸታሙን ተዋናይ ሳይሆን ዝምተኛውን ዳይሬክተር ነበር። ይህ አነጋገር ከታሰበበት በላይ እውነት ሳይኖረው አይቀርም፤ ሥልጣኑ ያለው በዝምተኛው እጅ ነበርና።

ቁጣው ሰው የሚመርጥ መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል። አብረውት የተጫወቱት ኤቫ ማቴስና ክላውዲያ ካርዲናሌ በ1999ኙ ፊልም ስለ ኪንስኪ የሚናገሩት በሞቀ ስሜት ነው። ለአንዱ ገር፣ ለሌላው ጨካኝ መሆን የቻለ ሰው ቁጣው እንደ ማዕበል ከቁጥጥሩ ውጪ ነበር ማለት ያዳግታል። ከሁሉ የከበደው ምስክርነት ደግሞ ከቀረጻ ቦታ ውጪ የመጣ ነው። ልጁ ፖላ ኪንስኪ በ2013 ባሳተመችው መጽሐፍ አባቷ በልጅነቷ ለዓመታት ጾታዊ ጥቃት እንዳደረሰባት ገልጻለች፤ ለመናገር ከገፋፏት ነገሮች አንዱም አባቷ ሊቅ እየተባለ መሞገሱን መስማት መሆኑን ተናግራለች። ለሊቅነት የተሰጠው ይቅርታ ከፊልም አልፎ ምን ሊሸፍን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማሳያ አይገኝም።

መቃወሚያውና ምላሹ

ለዚህ ሙግት የሚቀርብ ጠንካራ መቃወሚያ አለ። ሄርዞግ ያለ ኪንስኪ እነዚያን አምስት ፊልሞች ሊሠራ ባልቻለም ነበር፤ በመካከላቸው የነበረው ውጥረት ሌላ ዘንድ የማይገኝ ኃይል ለምስሉ ሰጥቶታል የሚል ነው። የመጀመሪያው ክፍል ትክክል ነው። የኪንስኪ ፊት፣ ዐይኑና አረማመዱ፣ በካሜራ ፊት ስለ ሰውነቱ የነበረው ዕውቀት በሌላ ሰው አይተካም። ነገር ግን ይህ ስለ ችሎታው የሚነገር እንጂ ስለ ጠባዩ የሚነገር አይደለም። ችሎታና ጠባይ በአንድ ሰው ውስጥ አብረው መገኘታቸው አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም። ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ውጥረትን ከጥቃት ጋር ያምታታል። በአንድ ገጸ ባሕርይ አተረጓጎም ላይ ዳይሬክተርና ተዋናይ መከራከራቸው፣ እንደ አጊሬ ጉዳይ፣ ፍሬ ያፈራል። የአጃቢ ተዋናይ ጣት መቆረጥ ግን ለየትኛውም ትዕይንት የጨመረው ነገር የለም።

ስለዚህ በፊልምና በቴአትር ጥናት መስክ እነዚህን ሥራዎች የሚመረምር ሰው ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማየት ይጠበቅበታል፤ በምስል የተመዘገበውን፣ አንድ ወገን ብቻ የተረከውንና በመደጋገም ብቻ እውነት የመሰለውን። ቀጥሎም ማኅደር በሚያገላብጥበት ጊዜ ከሁለቱ ዝነኞች ቃለ ምልልስ አስቀድሞ የመሐንዲሱን፣ የካሜራ ባለሙያውንና የአጃቢ ተዋንያኑን ቃል ሊፈልግ ይገባል። የ«አጊሬ» እና የ«ፊትስካራልዶ» ታላቅነት በዚህ ምርመራ አይቀንስም። የሚቀንሰው፣ ዛሬም በየቀረጻ ቦታውና በየመለማመጃ አዳራሹ ሰው የሚያዋርድ ሁሉ «ጥበብ እንዲህ ነው» ብሎ የሚጠለልበት ከለላ ነው።