የቴሌኮም ዕቃ ከታክስ ነፃ ይሁን? የሚኒሶታ ሕግ ለእኛ አይሆንም

የቴሌኮም ኩባንያዎች ለኔትወርክ ዕቃ ግዥ የታክስ ነፃነት ይሰጣቸው የሚል ሐሳብ በተነሳ ቁጥር «አሜሪካም ታደርገዋለች» የሚል መከራከሪያ ይከተላል። እውነት ነው። የሚኒሶታ ግዛት ይህንኑ ነፃነት እ.ኤ.አ. በ2013 ሰርዛ በ2014 መልሳዋለች። ቴክሳስም በ2013 ኩባንያዎች ለመሣሪያ ከከፈሉት የሽያጭ ታክስ በዓመት እስከ 50 ሚሊዮን ዶላር እንዲመለስ ሕግ አውጥታለች።

ይሁንና የእነሱ ታክስና የእኛ ታክስ አንድ አይደሉም። በአሜሪካ ግዛቶች የሽያጭ ታክስ ሥርዓት ኩባንያው ለአንቴናና ለኬብል የከፈለው ታክስ ወጪ ሆኖ ይቀራል። ወጪው ዋጋ ውስጥ ይገባና ደንበኛው በዚያ ላይ ሌላ ታክስ ይከፍላል። ነፃነቱ የታሰበው ይህንን ድርርቦሽ ለማስቀረት ነው።

እኛ ግን የሽያጭ ታክስን በአዋጅ ቁጥር 285/1994 በተጨማሪ እሴት ታክስ ተክተናል፤ ይህም አዋጅ በ1341/2016 ተተክቷል። ቫት ላይ የተመዘገበ ኩባንያ ለዕቃ የከፈለውን 15 በመቶ ከደንበኞቹ ከሰበሰበው ላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ታክሱን በመጨረሻ የሚሸከመው ካርድ የሚሞላው ሰው ነው።

ለኩባንያው ችግሩ ጊዜው ነው። በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በግንቦት 2013 በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ወስዶ አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት የጀመረው በመስከረም 2015 ነበር። እንዲህ ባለው የግንባታ ጊዜ ማማ ይተከላል፣ ዕቃ ይገዛል፤ ታክስ የሚሰበሰብበት ደንበኛ ግን የለም። የ1994ቱ አዋጅ ትርፉ ተቀናሽ ለአምስት ወራት ተሸጋግሮ ቀሪው ማመልከቻ በቀረበ በሁለት ወር ውስጥ ይመለስ ይል ነበር። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ተከፍሎ ከዚያ በኋላ በብር የሚመለስ ታክስ ስንት ዕቃ እንደሚገዛ አንባቢ ያስላው።

እንግዲህ እኔ የምደግፈው ተመላሹ በሕጉ ቀን እንዲከፈል ነው። ነፃነት የራሱ ጣጣ አለው። ከውጭ ለሚገባው ብቻ ከተሰጠ፣ እዚሁ ብረት በይዶ ማማ የሚሠራው አምራች 15 በመቶ ጨምሮ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ ገንዘቡ ለወራት የሚታሰርበት ገዥም ፊቱን ወደ ውጭ ያዞራል። ዝርዝሩስ? ጄኔሬተርና ባትሪ የቴሌኮም ዕቃ ናቸው? ዛሬ ማማው ሥር፣ ነገ ሆቴል ጓሮ። (ለእኛ ለሕግ ሰዎች እንጀራ ነው፤ አልክድም።)

መንግሥት ከዚህ ዘርፍ ገቢ መተው ከፈለገ ከቀፎ ይጀምር። ደብረ ማርቆስ ላይ የመጀመሪያ ስማርት ስልኩን የሚገዛ ገበሬ የቫት ተመዝጋቢ አይደለም። የከፈለውን 15 በመቶ የሚቀንስበትም፣ ተመላሽ የሚጠይቅበትም መስኮት የለውም።