ገና ነው

ጊታር ይዞ ዘፈን ለመድረስ የሚሻ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ጣቶቹን በክሩ ላይ ያሳርፋል፤ የሚጥም ዜማ ሲያገኝም ለዚያ የሚሆን ቃል ይፈልጋል። እኛም ለብዙ ጊዜ ይህንኑ ስናደርግ ኖረናል። በልጅነታችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት መዝሙር የተማርነው ከውጭ አገር በመጣ ዜማ ላይ የአገራችን ቃል እየተገጠመ ስለ ነበረ፥ ዜማ ጌታ፥ ቃል ሎሌ መስሎን አደግን። ከዚህ ስሕተት ያወጡን በጅቡቲ፥ በፔካ 12 ያገኘናቸው አንድ ሾፌር ናቸው።

ፔካ 12 ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛው የርቀት ምልክት ነው፤ ከጅቡቲ ከተማ መካከል 12 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ ሰፈር ማለት ነው። ከወደቡ ጭነት የሚያነሡ የአገራችን ከባድ መኪናዎች ተራ የሚጠብቁት በዚያ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፥ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም በ2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት ጀምሯል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ዕቃ ዛሬም የሚጓጓዘው በመኪና ነው።

ለመንግሥት ሥራ ወደዚያ በሄድን ጊዜ ወሩ ታኅሣሥ ነበር። አመሻሽ ላይ ጊታራችንን ይዘን በመኪናቸው አጠገብ ካረፉት ሾፌሮች ጋር ተጫወትን። ከቤት እየተደወለ «መቼ ትመጣለህ?» ሲባሉ የሁሉም መልስ «ገና ነው» የሚል ነበር። እኛም ይህን ቃል አዝማች አድርገን አንድ ዘፈን ደረስን። ነገር ግን ቃሉን ከዜማው ምት ጋር ለማግጠም ስንል፥ ሳናስተውል «ና»ን አጠበቅነው።

ሾፌሮቹ ሳቁ። ሸምገል ያሉት አንዱ ግን አልሳቁም። «ወንድሜ፥ ይህን ለልጄ በስልክ ልልክላት አስቤ ነበር» አሉን። «ለበዓሉ እመጣለሁ ብያት ነበር፤ ወረፋው ግን አልደረሰኝም። በዚህ ዜማ ብትሰማው፥ በዓሉ ደርሷል፥ አባቴም እየመጣ ነው ብላ ከደጅ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች።»

እውነታቸውን ነው። «ገና» ላልቶ ሲነገር ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነገር ግን የልደት በዓል ነው። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ ሁለቱ በጽሕፈት አንድ ናቸው። አፋችንን የፈታንበት ትግርኛም ማጥበቅንና ማላላትን ያውቃልና፥ በቋንቋችን ማመካኘት አልቻልንም። ጥፋቱ ቃሉን በጆሮ ሳንመዝን ወደ ዜማው መሮጣችን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ልማዳችንን ለውጠናል። በመጀመሪያ ጊታሩን ወደ ጎን ትተን፥ ስንኙን እንደ ተራ ንግግር ድምፃችንን ከፍ አድርገን ደጋግመን እንለዋለን፤ በእጃችንም ምቱን እንመታለን። ሁለተኛ፥ ከትዝታ፥ ከባቲ፥ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ለቃሉ የሚስማማውን ቅኝት እንመርጣለን። ብዙ ክሮች ባንድነት የሚሰሙበትን ኮርድ የምንፈልገው በመጨረሻ ነው። ትዝታ ሜጀር ከዶ ሲጀመር ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ ነው፤ ፋና ሲ የሉበትም። ስለዚህ የዶ ሜጀርና የላ ማይነር ኮርዶች ከቅኝቱ ሳይወጡ ያጅቡታል፤ የሶል ሜጀር ኮርድ ግን ሲን፥ የፋ ሜጀርም ፋን ያስገባበታል። በተጠራጠርን ጊዜ ኮርዱን ትተን ክሮቹን እንደ ክራር አንድ በአንድ እንነካለን።

በማግሥቱ ዜማውን አስተካከልን። «ገ» ላይ ቆየት ብለን «ና»ን በለስላሳ አሳረፍነው። ሾፌሩም በስልካቸው ቀድተው ወደ ቤት ላኩት። ለበዓሉ ሳይደርሱ ቀሩ፤ ልጅቱ ግን፥ በኋላ እንደ ነገሩን፥ ከደጅ ተቀምጣ አልጠበቀችም።

አማርኛ በመማር ላይ ያላችሁ የሥራ ባልደረቦቻችን ሆይ፥ ይህ ነገር የዘፋኝ ብቻ አይደለም። «አለ» ላልቶ ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ግን ይኖራል ማለት ነው። «ዋና»ም ላልቶ በውሃ ላይ መንሳፈፍ፥ ጠብቆ አለቃ ወይም ከሁሉ የበለጠ ማለት ይሆናል። ባለጉዳይ ፊት የምታነቡትን ጽሑፍ አስቀድማችሁ ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፤ ቢስቅባችሁም አትቀየሙ። እኛም የተማርነው ተስቆብን ነው።