ዲቪ ደርሶሃል፣ ፓስዋርድህን ላክ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በኅዳር፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ከአልጋ በማያስወርድበት ማለዳ፣ የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። «ዲቪ ደረሰኝ!» እልል ልል ነበር። ቆይ ግን፣ ፎርሙን ከሞላ ወር አልሆነውም፤ ውጤት የሚታወቀው ደግሞ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነበር።

ኢሜይሉን አሳየኝ። ንስሩም ባንዲራውም አለ። የፓስፖርት ኮፒ፣ የትውልድ ቀን፣ የእናት ስም፣ «ለማረጋገጫ» ደግሞ የኢሜይል ፓስዋርድ ይጠይቃል። እሱ ሆዬ ሁሉንም ልኮ ጨርሷል። በሦስተኛው ቀን ቤሩት በሰው ቤት ለምትሠራው እህቱ በእሱ ኢሜይል መልእክት ሄደ፦ «ታምሜ ሆስፒታል ገብቻለሁ፣ በዚህ ሰው ስም ብር ላኪልኝ።» የሁለት ወር ደመወዟን ላከች።

ሰፈሩ «ስግብግብነት ነው» ብሎ ፈረደ። እኔ አልስማማም። እህቱ ምን ስግብግብነት አለባት? ወንድሟን ስለወደደች ነው የተዘረፈችው። ሞኝነት ነው እንዳንልም፣ የካናዳው ሲትዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳጋለጠው፣ በውጭ ላሉ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች በኢሜይል ሊንክ ይላክላቸው ነበር፤ የአዶብ ፍላሽ ማሻሻያ መስሎ ሰላይ ሶፍትዌር የሚጭን።

ለእኔ ጥፋቱ የተጀመረው ከኢሜይሉ በፊት፣ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ነው። ዲቪ እ.ኤ.አ. በ2003 ከወረቀት ወደ ኢንተርኔት ከዞረ በኋላ ፎርሙን የሚሞላልን የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ሆነ። ኢሜይል ይከፍትልናል፣ ፓስዋርድ ይመርጥልናል፣ የማረጋገጫ ቁጥራችንንም ደብተሩ ላይ ይይዛል። እንዲህ የለመደ ሰው «ፓስዋርድህን ላክ» ሲባል ለምን ይደንግጠው?

የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት «ዕጣ ወጥቶልሃል» የሚል ኢሜይል እንደማይልክ ደጋግሞ አስታውቋል። ውጤት ይታይ የነበረው መጨረሻው «ዶት ጋቭ» በሆነው ገጹ ነው። አጭበርባሪው መሐል ላይ «ዲቪ»ም «ዩኤስ»ም ይደረድርና «ዶት ኮም» ብሎ ይጨርሳል። የድረ ገጽ ስም ከጅራቱ ነው የሚነበበው። የላኪ ስም ግን ራሱ ሊመሳሰል ስለሚችል፣ ሊንኩን ትታችሁ አድራሻውን በእጃችሁ ጻፉ። ወንድም «ታምሜያለሁ» ብሎ ከጻፈም ደውሉና ድምፁን ስሙ።

ባለፈው ያንን ኢንተርኔት ቤት ጎራ አልኩበት። ደብተሩ አሁንም ጠረጴዛው ላይ አለ። የእኔን ስም የያዘውን ገጽ ልቅደድ ብለው ልጁ ተቆጣኝ።