ስም የማይጠይቅ ስጦታ

በአሜሪካ አንድ ባለጸጋ ለዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ከፍተኛ ገንዘብ ሲለግስ ትምህርት ቤቱን በለጋሹ ስም መጥራት የተለመደ አሠራር ሲሆን፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ምሩቁ ዴቪድ ቡዝ 300 ሚሊዮን ዶላር ከሰጡ በኋላ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ቤት በስማቸው መሰየሙ ለዚህ ማሳያ ነው። በማዲሰን የሚገኘው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ግን በ2007 እ.ኤ.አ. ሌላ መንገድ መርጠዋል፤ 13 የቀድሞ ተማሪዎች በጋራ 85 ሚሊዮን ዶላር ለግሰው፣ የቢዝነስ ትምህርት ቤታቸው ቢያንስ ለ20 ዓመታት በማንም ግለሰብ ስም እንዳይጠራ አድርገዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ የዚህ ስጦታ ክብር ከመጠኑ ይልቅ በኅብረቱ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ገንዘብ ብቻውን ትምህርት ቤት አያቆምም። ዋናው ገንዘብ ሳይነካ ትርፉ ብቻ ለነፃ የትምህርት ዕድልና ለመምህራን ቅጥር የሚውልበት ቋሚ ፈንድ ፍሬያማ የሚሆነው፣ ምሩቃን በበጎ ፈቃድ በአማካሪ ቦርድ፣ ማለትም ሳያዝ በሚመክር ጉባኤ፣ ተቀምጠው ትምህርቱ ከሥራው ዓለም ጋር መራመዱን ሲመረምሩ፣ ለተማሪዎች የተግባር ልምምድ ቦታ ሲያፈላልጉና ሌሎች ምሩቃንን ለልገሳ ሲያስተባብሩ ነው።

ስለሆነም ትምህርት ቤቶች ምሩቃኖቻቸውን ሲቸገሩ ብቻ ከማስታወስ ይልቅ ከምረቃ ማግስት ጀምሮ ሊያሳትፏቸው ይገባል፤ ለጋሾችም በበኩላቸው ስጦታቸው በመምህራን ምርጫም ሆነ በምርምር ነፃነት ላይ የማዘዝ ሥልጣን እንደማይሰጣቸው አምነው ሊቀበሉ ይገባል።