ትንንሾቹ የሂንዱ አማልክት ጠያቂ አጥተዋል

የአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ አቦት እ.ኤ.አ በመስከረም 2014 ህንድን ሲጎበኙ ሁለት የተሰረቁ ሐውልቶችን ማስረከባቸው ይታወሳል። አንደኛው ሺቫ የተባለውን አምላክ ሲጨፍር የሚያሳይ፣ በቾላ ነገሥታት ዘመን የተሠራ ነሐስ ነው። የካንቤራው ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በ2008 በ5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የገዛው ሲሆን፣ የተዘረፈው ታሚል ናዱ ውስጥ ስሪፑራንታን ከተባለች መንደር ቤተ መቅደስ ነበር። ሻጩ የኒውዮርክ ነጋዴ ሱባሽ ካፑር በ2011 ጀርመን ውስጥ ተይዞ ለህንድ ተላልፎ የተሰጠ ሲሆን፣ በ2022 በቤተ መቅደስ ቅርሶች ስርቆት የ10 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

ጉዳዩን ካጋለጡት ማስረጃዎች ዋነኛው ፎቶግራፍ ነው። በፑዱቼሪ የሚገኘው የፈረንሳይ የጥናት ተቋም ከ1950ዎቹ ጀምሮ የደቡብ ህንድ ቤተ መቅደሶችን ምስሎች በካሜራ ሲመዘግብ ኖሯል።

መዳፍ ላይ የሚቀመጡት ምስሎች ግን እንዲህ ያለ መዝገብ የላቸውም ማለት ይቻላል። ጋኔሻ፣ ላክሽሚ፣ የቅቤ ድብልብል ይዞ የሚድኸው ሕፃኑ ክሪሽና፣ ብዙዎቹ ቤት ውስጥ የሚጸለይባቸው ናቸው። ሻንጣ ጥግ ይገባሉ፤ የብዙዎቹ ዋጋም የወር ደመወዝተኛ የሚደፍረው ነው። የህንዱ የ1972 ሕግ ግን ትልቅና ትንሽ ብሎ አይለይም። 100 ዓመት የሞላው ምስል በግለሰብ እጅ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል።

ዕድሜያቸውን ማረጋገጥም ቀላል አይደለም። ነሐስ በራዲዮካርቦን አይለካም፤ የደቡብ ህንዱ ደግሞ በሰም ቅርጽ ላይ ድፍን ሆኖ ስለሚፈስ በውስጡ የሚመረመር ሸክላ አይገኝም። ስለዚህ ሰብሳቢው የሚያየው መሟለጡን ነው። አፍንጫው የጠፋ፣ ፊቱ የለሰለሰ ምስል ዋጋው ይጨምራል። አስመሳዮች በአሲድና በፍትጊያ የሚያስረጁትም ለዚሁ ነው። እውነተኛው መሟለጥ ግን ምስሉ ለብዙ ዘመን በወተት መታጠቡን፣ በጣት መቀባቱን፣ ማለትም ሲመለክበት መኖሩን የሚመሰክር ነው። ገዥው የሚከፍለው ለዚህ መሆኑ ቢያንስ ሊያሳስበው ይገባል።

በ1976 ፓቱር በተባለች መንደር ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ሌላ የሺቫ ሐውልት ለንደን ላይ ሲያከራክር፣ የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1991 የፈረሰው ቤተ መቅደስ ራሱ ከሳሽ ሆኖ እንዲቆም ተቀብሏል። ለቤት ውስጡ ምስል ማን ይክሰስ? ምናልባት ባለቤቱ ራሱ ቸግሮት በኪሎ ሸጦት ይሆናል።

ትልልቅ አጫራቾች ዛሬ ዕቃው ከ1970ው የዩኔስኮ ስምምነት በፊት ከአገር መውጣቱን የሚያሳይ ሰነድ ይፈልጋሉ። ለትንሹ ምስል ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ መስመር ትበቃለች፤ «ከአንድ የአውሮፓ ቤተሰብ ስብስብ የተገኘ» የምትል። የትኛው ቤተሰብ፣ መቼ፣ ከማን ብሎ የሚጠይቅ ገዥ ምላሹን ሲጠብቅ፣ የማይጠይቀው ከፍሎ ይወስደዋል።