ዓባይ ማደሪያ ነበረው

የትርጉም ሙያ ቃልን ከተሸከመው ነገር ጋር መመዘንን ያስለምዳል። ከዐረብኛ ወደ አማርኛ ስመላለስ ከሚያጋጥሙኝ ሐረጎች መካከል «አል-ሚያህ አድ-ዳኢዓ» የሚለውን ያህል አደገኛ የሆነ አላውቅም። ቃል በቃል «የጠፋ ውኃ» ማለት ነው፤ የእኛ ሰው «የባከነ ውኃ» ይለዋል። ሐረጉ የሻይ ቤት ወሬ አይደለም። ግብጽና ሱዳን በ1959 በተፈራረሙት የዓባይ ውኃ ስምምነት ውስጥ የራሱን ክፍል ይዞ የተቀመጠ የሕግ ቃል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስምምነቱ የወንዙን የዓመት ፍሰት 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብሎ ይነሣል። ለግብጽ 55.5፣ ለሱዳን 18.5፣ በአስዋን በትነት ለሚሄደው 10 ቢሊዮን። ደምሩት፤ የሚተርፍ የለም። ለኢትዮጵያ አንዲት ጠብታ እንዳልተተወላት እኛ አበሾች ስንናገር ኖረናል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ፀሐይ እንኳ 10 ቢሊዮን ሲደርሳት፣ ለዓሣው፣ ለደንገሉ፣ ለሽመላው የተመደበው ዜሮ መሆኑን ስንቶቻችን ልብ አልን? የህዳሴው ግድብ በ2025 ከተመረቀ በኋላም ክርክሩ ያው ነው፤ ካይሮም፣ ካርቱምም፣ አዲስ አበባም በሜትር ኩብ ይጣላሉ፣ በሜትር ኩብ ይታረቃሉ። ወንዝ በቧንቧ የሚሄድ ዕቃ ይመስል፣ በመንገዱ ላይ የሚያጠጣውን ሁሉ «ብክነት» ብሎ መመዝገብ የሦስቱም የጋራ ቋንቋ ሆኗል።

ለመሆኑ ባከነ የተባለው የት ሄዶ ነው? በደቡብ ሱዳን ሱድ በሚባለው ረግረግ ነጭ ዓባይ ከውኃው ግማሽ ያህሉን በትነት ያጣል። ይህን «ለማዳን» 360 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የጆንግሌ ቦይ ቁፋሮ በ1978 ተጀመረ። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ከተቆፈረ በኋላ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሥራውን አስቆመው፤ ግዙፉ መቆፈሪያም በረሓ ላይ ዝጎ ቀረ። ጎርፉ ሲሸሽ ግን ረግረጉ ዳር የሚበቅለው ሣር ለዲንቃው፣ ለኑዌሩና ለሺሉኩ ከብት የበጋ ቀለቡ ነው። ዓሣው የሚራባው እዚያው ነው። ያ ደንገል የጣና ዓሣ አጥማጅ ታንኳውን የሚያስርበት ደንገል ነው። ውኃው አልባከነም፤ ሥራ ላይ ነበር። ሱድ በ2006 በራምሳር ስምምነት ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ያለው ረግረግ ተብሎ መመዝገቡም ሁለተኛ ዓይን እንዳለ ያሳያል።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ሳጃና ስሙን ከወህኒ ጠባቂዎች የወሰደ፣ ኑሮውን ግን በብረት፣ በሲሚንቶና በቆርቆሮ ንግድ የመሠረተ ሰፈር ነው። ከዚህ ወደ ሰሜን ምዕራብ ጥቂት ቢጓዙ ሁለቱ ዓባዮች ከሚገናኙበት ከሞግረን አጠገብ፣ በነጭ ዓባይ ዳር፣ የሱንጥ ጫካ ነበር። ሱንጥ ከግራር ወገን ነው፤ ነገር ግን ሌላው ዛፍ የማይችለውን ይችላል፤ ወራት ሙሉ እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ ይቆማል። ፍሬው ቆዳ ማልፊያ ነው፤ ግንዱ የኦምዱርማን ጀልባ ነው። በ1939 የአእዋፍ መጠለያ ተብሎ ተከልሎ ነበር፤ ከአውሮፓ ብርድ የሸሹ ዳክዬዎችና ሽመላዎች ክረምታቸውን ያሳልፉበት ነበር።

ጫካውን ውኃ የሚያለብሰው ማን እንደሆነ ማወቅ ለእኛ ደስ ሊለን ይገባ ነበር። በክረምት ጥቁር ዓባይ ከጎጃምና ከወሎ ተሞልቶ ሲደርስ ነጭ ዓባይ መውጫ ያጣል፤ ተገፍቶ ወደ ኋላው ይተኛል፤ ዳርቻውንም ያጥለቀልቃል። ስለዚህ ሱንጥን ያጠጣው የነበረው ክረምታችን ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ተረቱን ያወጣው ሰው ሞግረንን አላየም። ዓባይ ማደሪያ ነበረው፤ ግንዱም በቦታው ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

ጫካው መጠቃት የጀመረው በጦርነቱ ጊዜ አይደለም። በ2000ዎቹ የነዳጅ ገንዘብ ከተማዋን ሲያሰክራት፣ ከጫካው ጎን ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች የሚቆሙበት ታላቅ የንግድ ማዕከል ታቀደ፤ የልማት ኩባንያውም ስሙን ከዛፉ ወስዶ «አልሱኑት» ተባለ። የአካባቢ ጥበቃ ሰዎች ጮኹ፤ ብዙ ሰሚ አላገኙም። ከዚያ ሚያዝያ 2023 መጣ። ሠራዊቱ በ2025 መጋቢት ከተማዋን መልሶ ሲይዝ ጫካው የጉቶ ሜዳ ሆኖ ተገኘ።

«ጋሼ፣ ሰው በረኃብ ሲያልቅ ስለ ወፍ ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የተጠየቀው ሰው ግን ተሳስቷል። ጋዝ በጠፋበት፣ መብራት በተቋረጠበት ከተማ ለልጆቿ ገንፎ ለማብሰል ቅርንጫፍ የሰበረችን እናት የሚወቅስ ካለ እኔ አይደለሁም። እንጨቱን በመኪና ጭኖ ለዳቦ ቤትና ለከሰል ነጋዴ የሸጠው ሌላ ነው። ከሁለቱም የሚብሰው ደግሞ ሦስተኛው ነው፤ ጉቶውን አይቶ «እንግዲህ ባዶ መሬት ነው» የሚለው። ሜዳው ባዶ አይደለም፤ በየዓመቱ ባለቤቱ ይመጣል። በ2020 ጥቁር ዓባይ በካርቱም ከዚያ በፊት ተለክቶ የማያውቅ ከፍታ ደርሶ የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ፣ የቱቲ ደሴት ሰዎች በአሸዋ ከረጢት ሌሊቱን ሲከላከሉ ያየን ሁሉ፣ ጎርፍ የሚተኛበት ቦታ ሲያጣ ማን አልጋ ላይ እንደሚተኛ እናውቃለን።

«እኛ እንግዳ ነን፣ ምን አገባን» የሚሉ ወገኖቻችንም አሉ። ከዴም እስከ ሳጃና በዚህ ውኃ ቡና ያፈላ፣ በዚህ አገር ከሰል እጣን ያጤሰ ሰው እንግዳነቱ እስከ ምን ድረስ ነው? ችግሩስ የሱዳኖች ብቻ ነውን? በ1958 በነጭ ዓባይ ላይ የታየው እንቦጭ በ2011 ጣና ላይ ታየ። የጣና ዳርቻ ረግረግ ታርሶ፣ የእርሻ ማዳበሪያና የከተማ ቆሻሻ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ አረሙ ተቀለበ፤ እኛ ግን አረሙን በእጅ ለመንቀል እንጂ ቀለቡን ለማቋረጥ ስንዘምት አልታየንም። የሐረማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሲደርቅ ለሐረር የመጠጥ ውኃ፣ ለጫትና ለአትክልት ማጠጫ ሲሳብ የኖረው ውኃ አንድም ቀን «ባከነ» አልተባለም። በአገልግሎት ላይ ዋለ ተባለ። ከዓመታት በኋላ ውኃው ወደ ሐይቁ መመለሱ ደግ ነው፤ የሒሳቡን ስሕተት ግን አያጠፋም።

አሁን ስለ ካርቱም መልሶ ግንባታ እየተወራ ነው፤ ሳጃናም ብረቱንና ሲሚንቶውን ለመሸጥ ይዘጋጃል፤ ይሽጥ፤ ከተማው ይሠራ። ነገር ግን በእጃቸው ካርታ የያዙ ሰዎች አንድ ጥያቄ ይመልሱልን፤ በ1939 የተከለለው የጫካው ወሰን በአዲሱ ካርታ ላይ አለ ወይስ የለም? ካለ፣ የሱንጥ ዘር ከሐምሌ ጎርፍ በፊት ይዘራ፤ ችግኙ አፈር እስኪይዝ ከከብትና ከመጥረቢያ የሚጠብቁ ሰዎች ደመወዝ ይቆረጥላቸው። ከሌለ፣ ማን እንደሰረዘው በስሙ ይነገረን፤ በዐረብኛም በአማርኛም ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ።