ለጎልፍ የመጀመሪያ ትምህርት የጎደለው ዱላ ሳይሆን ሜዳ ነው

ጎልፍ ለመማር የተነሳ ጀማሪ ምክር ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ ባብዛኛው የገበያ ዝርዝር ነው። ጫማ ይግዛ፣ ጓንት ይግዛ፣ ዱላ ከነቦርሳው ይግዛ፣ ኮፍያም አይርሳ። ይህ ምክር ለአዲስ አበባ ሀብታም ልጅ ወጪ ብቻ ነው። ለደብረ ማርቆስ ወይም ለቢቸና ልጅ ግን ገና ሳያንኳኳ በሩን የሚዘጋበት ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ምክሩ ትክክል አለመሆኑ ነው።

የጨዋታው ሕግ ለአንድ ተጫዋች ቢበዛ 14 ዱላ ይፈቅዳል። «ቢበዛ» ማለት «ግዴታ» ማለት አይደለም። ለመጀመሪያ ቀን ሰባት ቁጥር የሚባለው መካከለኛ ዱላ ብቻውን ይበቃል፤ እሱንም ቢሆን ከአሰልጣኝ መዋስ ይቻላል። ሶሉ የማያንሸራትት ማንኛውም ጫማ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ወገብንና ትከሻን ማፍታታት፣ እንዲሁም ዱላ ወደሚያወዛውዝ ሰው አለመጠጋት ነው። ኳሷ 46 ግራም እንኳ አትሞላም፤ ሰው ላይ ስታርፍ ግን ከወንጭፍ ድንጋይ አታንስም።

ስፔናዊው ሴቬ ባየስቴሮስ ጨዋታውን የለመደው በትውልድ መንደሩ በፔድሬኛ፣ በባሕር ዳር አሸዋ ላይ፣ በአንዲት ሦስት ቁጥር ዱላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 የብሪታኒያን ኦፕን አሸነፈ፤ በዓመቱ ደግሞ የአሜሪካውን ማስተርስ ደገመ። ሙሉ ዕቃ አልነበረውም። ማንም የማይከለክለው ሰፊ ቦታ ግን ነበረው።

የጎጃም ልጅስ? እሱ እንዲያውም ከባዶ አይጀምርም። ታኅሣሥ ላይ፣ አዝመራው ሲሰበሰብ፣ ጫፉ ቆልመም ያለ በትር ቆርጦ እሩር እያሳደደ ያደገ ልጅ ዓይኑን ከኳስ አለመንቀልን፣ በክንዱ ብቻ ሳይሆን ወገቡን አዙሮ መምታትን ያውቃል። ልዩነቱ ገና ላይ እሩሯ ትሮጣለች፣ ባላጋራም ይጋፋል፤ ስለዚህ በትር ጠበቅ ተደርጎ ይያዛል፣ ምቱም ይቸኩላል። ጎልፍ ላይ ኳሷ ቆማ ትጠብቃለች፤ ስለዚህ አያያዙ ላላ፣ ምቱ ረጋ ማለት አለበት። ለአሰልጣኙ የሚቀረው ጥድፊያን ማስተው ነው። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ሲባል ያደገ ሰው ደግሞ ኳሷን ስቶ አፈር ቢመታ የማይናደድበትን ልብ ከቤቱ ይዞ ይመጣል።

ታዲያ ምን ጎደለ? ሜዳ። በኦልድ ኤርፖርት በኩል ያለው የአዲስ አበባ የጎልፍ ሜዳ ከደብረ ማርቆስ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ይህ እንኳ ባልከፋ ነበር። የሚከፋው እሩር ይመታበት የነበረው የወል ግጦሽ መሬት በገጠሩ እየታረሰና ባሕር ዛፍ እየተተከለበት፣ በከተማው ዳር ደግሞ ለቦታ እየተሸነሸነ ማለቁ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ አንድ ዓይነት ምት ኳሷን ከቆላው አርቆ ይወስዳታል። ማለትም ደጋው ከሌላው የበለጠ ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል፤ እየሆነ ያለው ግን ተቃራኒው ነው።

«ባለሀብት ይምጣ፣ መሬት ይሰጠው፣ አጥሮ የጎልፍ ክበብ ይሥራ፤ ቱሪስት ይመጣል» የሚሉ አሉ። ጨዋታው ግን ከአጥር ውስጥ አልተወለደም። የጎልፍ መናኸሪያ የምትባለው የስኮትላንዷ ሴንት አንድሩስ ዝነኛ ሜዳዋ ዛሬም የሕዝብ ነው። በአዘቦቱ ጊዜ እሑድ እሑድ ጨዋታ ይቆምና የከተማው ሰው ከነልጁና ከነውሻው ይንሸራሸርበታል። የዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች የሚወዳደሩበት ሜዳ ለባልቴቶች መንሸራሸሪያ ከሆነ፣ ጎጃም ላይ የገበሬን ግጦሽ አጥሮ «ስፖርት አስፋፋሁ» ማለት ምን የሚሉት ሥልጣኔ ነው?

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። ክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በጦርነት ውስጥ ነው፤ ትምህርት ቤት ለተዘጋበት ልጅ ጎልፍ ምኑ ነው? እውነት ነው፤ ዛሬ ጎጃም ላይ ለጎልፍ ክበብ በጀት ይያዝ የሚል ቢኖር ሊሰማ አይገባውም። ሜዳ ግን ቅንጦት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1457 የስኮትላንድ ፓርላማ ጎልፍንና እግር ኳስን የከለከለው ወጣቱን ከቀስት ልምምድ አዘናጉት ብሎ ነበር። ለጦርነት የሚፈለግ ወጣት እንዳይጫወት ይከለከላል። የጎጃም ልጅ የጦርነት ልምድ አልጎደለውም፤ የተኩስ ድምፅ ሳያስደነግጠው የሚሮጥበት ቦታ ነው የጎደለው። ሰላም ሲወርድ ልጆቹ ከቤት ይወጣሉ። ሜዳው እስከዚያ ተሸንሽኖ ካለቀ ወዴት ይወጣሉ?

ስለዚህ የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። የከተማ አስተዳደሮች የቀረውን ክፍት ቦታ የጨዋታ ሜዳ ብለው ይከልሉ፤ ከልለውም ለማንም አይስጡ። የገጠር ቀበሌዎች የወል መሬታቸውን ከመቀራመት ያድኑ። ትምህርት ቤቶች ገናን የአንድ ቀን የበዓል ትርኢት ከማድረግ ይልቅ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ያስተምሩት። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነገ ጎልፍ ልማር ቢል ዝግጅቱን ግማሹን ጨርሷል። አስተማሪ ነኝ የሚለውም ዝርዝሩን ይገልብጠው፦ ሜዳ አንደኛ፣ በትር ሁለተኛ፣ ጫማና ጓንት ገንዘብ የተረፈ ዕለት።